የእማማ ሻማ አፍንጫ

«እማማ ሻማ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሕንፃው ልጆች ናቸው። ትልልቆቹም እየዋለ እያደረ ለመዱት፤ በመጨረሻ ራሳቸው ሴትዮዋም በር አንኳኩተው «ማነው?» ሲባሉ «እማማ ሻማ ነኝ» ማለት ጀመሩ። ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የሚኖሩት ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ጥርስ በማብቀል ላይ ካለው የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። ልጃቸው የረጅም መንገድ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ ውስጥ የሚታየው እንደ እንግዳ ነው። ስለዚህ ጠባቧን ማእድ ቤት የሚካፈሉት፣ የሚጋፉባትም፣ አማትና ምራት ናቸው።

ሴትዮዋ ሻማ አይሸጡም። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎረቤቱ ሁሉ የሻማ ቁራጩን አይጥልም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ነድዶ የቀረውን ጉማጅ በፌስታል አድርጎ የእማማ ሻማ በር እጀታ ላይ ያንጠለጥልላቸዋል። ገና ሲደርስ እሳቸው ያን ሁሉ አቅልጠው፣ አዲስ ሻማ አድርገው፣ አስጊጠው ለየቤቱ ይመልሳሉ። በዋዜማው ምሽት ሰው ሁሉ ምድር ቤት ወዳለው አዳራሽ ይወርዳል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ሻማው ይለኮሳል። የሚያምረውስ ያምራል፤ ግን የሚወራለት ሽታው ነበር። «ደረጃው ብርቱካን ብርቱካን ካልሸተተ ገና አልደረሰም» ይላሉ ጎረቤቶቹ። እማማ ሻማም ይህን ሲሰሙ «እናንተ ደግሞ!» እያሉ በእጃቸው ያጣጥሉታል፤ ሆዳቸው ግን በደስታ ይሞላል።

በዚያ ዓመት ግን አንድ ክፉ ጉንፋን ያዛቸው። ጉንፋኑ ሄደ፤ ሲሄድ ግን የማሽተት ችሎታቸውን ይዞት ሄደ። መጀመሪያ አላወቁትም። ሽንኩርት ከትፈው ድስት ላይ ጣል ሲያደርጉ ምንም አልሸታቸው አለ፤ ወዲያው ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ወርደው ከአትክልት ሻጩ ጋር ተጣሉ። «ምን ዓይነት ሽንኩርት ነው የሸጥክልኝ? ሽታ የለው፣ ምን የለው!» ሻጩ ሽንኩርቱን ለሁለት ሰንጥቆ አፍንጫቸው ሥር አደረገው። እሱ ዓይኑ አለቀሰ፤ የእሳቸውም ዓይን አለቀሰ፤ አፍንጫቸው ግን ጭጭ አለ። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ሻጩን ይቅርታ ሳይጠይቁ ቤታቸው ገቡና ያገኙትን ሁሉ ሲያሸቱ ዋሉ፤ ሳሙናውን፣ ክብሪቱን፣ የሟች ባላቸውን ኮት። ኮቱ ላይ ሲደርሱ ተቀምጠው አለቀሱ።

ለማንም አልተናገሩም። ሐኪም ቤት መሄድ ማለት ልጅን ማስጨነቅ ነው አሉ ለራሳቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ አፈሩ። ዓይን ቢደክም መነጽር አለ፣ ጉልበት ቢደክም ምርኩዝ አለ፣ የማያሸት አፍንጫ ግን ፊት ላይ ለጌጥ የተለጠፈ ነገር ሆነባቸው። ደግሞም ምራታቸው ብትሰማ «እማማ፣ እርስዎ አረፍ ይበሉ» ብላ ድስቱንም ማንኪያውንም ቀስ አድርጋ እንደምትወስድባቸው ታያቸው። ስለዚህ ማስመሰል ጀመሩ። ወጥ ሲወጣ ሰው ሁሉ «እሰይ» ሲል እሳቸውም «እሰይ» ይላሉ፤ ሰው አፍንጫውን ሲይዝ ይይዛሉ። የልጁን አናት ስመው «ወይ የሕፃን ሽታ!» ይላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

እንዲህ እያሉ ገና ደረሰ።

ምድጃው ላይ ውሃ የያዘ ድስት ተጣደ፣ ድስቱ ውስጥ ጣሳው ተቀመጠ፣ ጉማጁ ሁሉ ጣሳው ውስጥ ገባ። ሰም በቀጥታ እሳት አይወድም፤ በውሃው ሙቀት ቀስ እያለ ነው የሚቀልጠው። ሲቀልጥ በአሮጌ የሴት ካልሲ ያጠልሉታል፤ ጥላሸቱና የክብሪት ስባሪው ካልሲው ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ዘይቱ ይጨመራል። ይህን ዘይት ራሳቸው ናቸው የሚያዘጋጁት፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው፣ መስኮት ላይ ፀሐይ አሙቀው፣ በቡናማ የሽሮፕ ጠርሙስ ያስቀምጡታል። በዚያው መደርደሪያ ላይ፣ ከጎኑ፣ ሹፌሩ ልጃቸው ለሕፃኑ አጥንት ያጠነክራል ብሎ ያመጣው የዓሣ ዘይት ነበር። እሱም በቡናማ ጠርሙስ ነው፤ ወረቀቱ በዘይት ርሶ ከተላጠ ቆይቷል። ምራታቸው ሁለቱን የምትለየው ክዳኑን ከፍታ አሽትታ ነው። እሳቸውም ድሮ እንደዚያው ነበሩ።

እማማ ሻማ ዘይቱን በማንኪያ ለክተው አያውቁም፤ የሚለኩት በአፍንጫቸው ነበር። ጠብ ጠብ አድርገው ያማስላሉ፣ ጣሳው ላይ ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ይስባሉ፣ «ገና ነው» ይላሉ፤ እንደገና ጠብ ያደርጋሉ፤ በመጨረሻ «በቃው» ይላሉ። ዘንድሮም አንዱን ጠርሙስ አንስተው ልክ እንደዚያው አደረጉ። ጠብ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጨፈኑ፣ ሳቡ። ምንም። «ገና ነው» አሉ፤ ማእድ ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ የሚያታልሉት ራሳቸውን ነበር። ደገሙ። «ገና ነው።» የት ላይ እንደሚቆም የሚነግራቸው ነገር ስለሌለ የቆሙት ጠርሙሱ ሲያልቅ ነው። ያን ጊዜ «በቃው» አሉ።

ምራታቸው የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስትገባ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«እማማ፣ ዓሣ ዓሣ አይሸትዎትም?»

«ጎረቤት እየጠበሰ ይሆናላ።»

«አይ፣ ከዚህ ነው መሰለኝ። ከጣሳው።» ጠጋ አለችና አፍንጫዋን ሸበሸበች። «እማማ፣ የትኛውን ዘይት ነው የጨመሩት? እስቲ ልየው?»

እማማ ሻማ ደማቸው ፈላ። የተቆጡት በእሷ አልነበረም፤ ግን አጠገባቸው ያለችው እሷ ነበረች። «አንቺ ልጅ» አሉ ማማሰያውን እያወዛወዙ፣ «አንቺ ሳትወለጂ ጀምሮ ሻማ የሠራሁ ሴት ነኝ። ገና ከገባሽ ጀምሮ አፍንጫሽ ከዚህ ቤት ጋር አልተስማማም። እሱን ለእናትሽ ቤት አቆዪልኝ!»

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ግን ትሰብራለች። ልጅቷ ልብሷን ይዛ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሽታ ትንፍሽ አላለችም። የማእድ ቤቱን መስኮት ብቻ ቀስ ብላ ከፈተችው፤ እማማ ሻማ «ብርድ አስገባሽብኝ» ብለው መልሰው ዘጉት።

በዓይንና በእጅ የሚሠራው ሥራ ግን ዘንድሮ ከምንጊዜውም በላይ ተዋጣላቸው። ሰሙ በእርጎ ኩባያና በጭማቂ ካርቶን ውስጥ ረግቶ ከወጣ በኋላ ማስጌጡ ይመጣል። ቀለም የገባበትን ሰም እንደ ወረቀት አሳስተው በመቀስ ይቆርጣሉ፣ የተቆረጠውን በሞቀ ማንኪያ ሻማው ላይ ይለጥፋሉ። ለየቤቱ ምልክት አለው። ለዘበኛው ቁልፍ ሠሩለት፤ ለፀጉር ሠሪዋ ሻማውን ከላይ እስከ ታች የሚዞር ሹሩባ ጎነጎኑላት። ከቸኮሌት ወረቀት ኮከብ ቆረጡ፣ ከልብስ ሰፊነት ዘመናቸው በተረፈ የወርቅ ክር ጠርዙን ከበቡት። ጎንበስ ብለው ሲሠሩ አንድ ነገር ከውስጥ ይነክሳቸው ነበር፤ ልጅቷ እውነቷን ቢሆንስ? የማያሸት ሰው ይህን የሚያጣራበት መንገድ የለውም፤ ያለው መንገድ መጠየቅ ብቻ ነው። መጠየቅ ደግሞ መናገር ነው። ስለዚህ አንድ ኮከብ ይጨምራሉ።

የዋዜማው ዕለት ጠዋት ምራታቸው ሁለት ጠርሙስ ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ ባዶ ነው፣ አንዱ ሙሉ።

«እማማ» አለች በቀስታ፣ «የልጁ የዓሣ ዘይት አልቋል። የእርስዎ ግን አልተነካም።»

እማማ ሻማ ባዶውን አነሱ፣ ከፈቱ፣ አሸተቱ። ሙሉውን አነሱ፣ ከፈቱ፣ አሸተቱ። ልጅቷ ዓይኗን አልነቀለችም። አንድ ነገር ማለት ነበረባቸው።

«ምን ሆነሻል? ያለቀው ይኸው ቅርንፉዱ ነው፤ ልቅም አድርጎ ይሸታል» አሉ ባዶውን እያሳዩ።

ልጅቷ ረዥም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ሻማዎቹ ዘንድሮ ይቅሩ እማማ። አሞኛል ይበሉ። እኔ ወርጄ ከሱቅ ነጭ ሻማ እገዛለሁ፤ ማንም ምንም አይልም።»

«ከሱቅ? ለእኔ? ሰው ምን ይለኛል!» ቅርጫቱን አንጠልጥለው ራሳቸው ወረዱ፤ በየበሩም አንዳንድ ሻማ አደሉ። ሰው ሁሉ ሻማውን ተቀብሎ «ወይ ማማር!» ይል ነበር፤ ለምን ወደ አፍንጫው ጠጋ አድርጎ ቶሎ እንደሚያርቀው ግን አላስተዋሉም። ወይም አላስተዋልኩም አሉ።

ሲመሽ አዳራሹ ሞላ። መብራቱ ጠፋ፣ ሻማው ተለኮሰ፣ ኮከቡና የወርቅ ክሩ አብረቀረቀ። ሰው «አቤት!» አለ። እማማ ሻማ ከፊት ወንበር ላይ ሆነው ፊቶቹን ያዩ ነበር፤ ደስታ ከሽታው ጋር ሲመጣ ፊት እንዴት እንደሚፈታ ከዓመታት ያውቁታል። ዘንድሮ ፊቶቹ አልተፈቱም። አንዱ ሳል ያዘው። አንዷ በሻርፗ አፏን ሸፈነች። በዚያ ብርድ አንድ ሰው ተነሥቶ መስኮት ከፈተ፤ ቀጥሎ ሌላው ሁለተኛውን ከፈተ። ይሉኝታ ያልገባቸው ልጆች ብቻ «ዓሣ! ዓሣ!» እያሉ ተንጫጩና በየእናቶቻቸው ተቆነጠጡ። በመጨረሻ የዘበኛው ድመት በተከፈተው በር ገብታ፣ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ፣ ወደ ሻማዎቹ አንጋጣ ማልቀስ ጀመረች። ያን ጊዜ እማማ ሻማ አወቁ። ጆሯቸው ድረስ ጋለ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው ተመኙ።

ፀጉር ሠሪዋ በሆዷ ነገር የማታሳድር ሴት ናት። ሹሩባ የዞረበትን ሻማ ከራሷ አርቃ ይዛ «እማማ ሻማ» አለች፣ «እኔ ደፋር ነኝና ልናገረው። ዘንድሮ ምን ገባበት?» ከዚያ ዓይኗ ከኋላ ልጅ ታቅፋ ወደ ቆመችው ምራት ዞረ። «ወይስ ምራትዎ ገባችበት?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ለእማማ ሻማ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ። አፋቸውን ሲከፍቱ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እንግዲህ... ልጅ ናት፤ ልጅ ይሳሳታል» አሉ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ቀለለው፤ ጥፋተኛ ተገኘ። «የዘመኑ ልጆች እኮ ማእድ ቤት አያውቁም» አለች አንዷ። «የልጁን ዘይት ከቅመም ጋር ታስቀምጣለች እንዴ?» አለች ሌላዋ፤ እሷም ልጅ አሳድጋበታለችና የዓሣ ዘይቱን ጠረን ታውቀዋለች። ልጅቷ ፊቷ ደም መሰለ። አማቷን አየች፤ አማቷ ወለሉን ያዩ ነበር። «ይቅርታ» አለች ለሁሉም፤ ልጇን አቅፋ ወጣች፤ ደረጃውን ስትወጣ እግሯ ይሰማ ነበር።

አዳራሹ እማማ ሻማን ማባበል ጀመረ። «አይዞዎት፣ ችለው ነው የሚኖሩት» ይላቸዋል አንዱ። «እኔ ብሆን አባርራት ነበር» ትላለች አንዷ። እያንዳንዱ ማባበል እሳት ሆኖ ወረደባቸው። እንደ ሌባ ይዘው ቢደበድቧቸው ይሻላቸው ነበር። በመጨረሻ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ።

«ስሙኝ» አሉ። «ልጅቷ ምንም አላደረገችም። እኔ ነኝ። ዘይቱን ያምታታሁት እኔ ነኝ። እሷማ ነግራኝ ነበር፤ ሰድቤ አባረርኳት።»

ፀጉር ሠሪዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «ተመልከቱልኝ! ጥፋቷን በራሳቸው ላይ ሲያደርጉላት! እንዲህ ያለች አማት ከየት ትገኛለች?»

«እውነቴን ነው» አሉ እማማ ሻማ።

«አዎ፣ አዎ፣ እናት አይደሉ!» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዳንዱም ዓይኑን ጠረገ። ውሸታቸውን ወዲያው ያመነ ሰው እውነታቸውን እምቢ አለ። ልጅቷ ፎቅ ላይ ጥፋተኛ እንደሆነች፣ እሳቸው ደግሞ ምድር ቤት ቅድስት ሆነው ሊያድሩ ነው።

«አይሸተኝም!» ብለው ጮኹ። «ከጉንፋኑ ወዲህ አፍንጫዬ ሞቷል። ካላመናችሁ ፈትኑኝ።» ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ቀና አደረጉ።

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን ከፍታ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውን አወጣች፤ ከጎኗ ያሉትን ያስነጠሰውን ብልቃጥ አፍንጫቸው ሥር ያዘችው። እማማ ሻማ ሳቡ። «ሽቶ ነው?» አሉ። ሳቁ ጨመረ። ዘበኛው ደግሞ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲዞርበት የዋለውን ጫማ አውልቆ አቀረበላቸው። እማማ ሻማ ጎንበስ ብለው፣ ድሮ ጣሳው ላይ እንደሚያደርጉት፣ በጥልቀት ሳቡና አሰቡ።

«ብርቱካን?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ዘበኛው ጫማውን ከኋላው ደበቀ። ዓይናቸውን ሲከፍቱ ሰው ሁሉ እግር እግሩን ያይ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ብልቃጧን እየከደነች «ወይኔ፣ ልጅቷን!» አለች። «እኔ ልውጣና ይቅርታ ልጠይቃት።»

«ቆይ፤ መጀመሪያ እኔ» አሉ እማማ ሻማ።

ሦስት ፎቅ ወጡ። በቤታቸው ውስጥ አንኳኩተው የገቡበት ክፍል አልነበረም፤ ያን ቀን ግን የምራታቸውን በር አንኳኩ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ቀና ብላ አላየቻቸውም።

«ነገርኳቸው» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «እንደማይሸተኝ ነገርኳቸው። እኔ እንደሆንኩ አውቀዋል።»

«እሺ።»

«አንቺ ግን ታውቂ ነበር?»

«ዛሬ ጠዋት ጠርሙሶቹን ሲያሸቱ አወቅሁ።»

«ታዲያ ሲወርዱብሽ ለምን አልተናገርሽም? ሁሉም ሰው እዚያ ነበረ።»

«ሁሉም ሰው እዚያ ስለነበረ ነዋ። ያፍራሉ ብዬ ነው።»

«እኔ ግን አንቺን...»

«አዎ» አለች ልጅቷ። «እርስዎ ግን እኔን።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አሉ። ቃሉ ከአፋቸው የወጣው ተሰባብሮ ነው፤ ልጅቷም ሰምታለች፤ ግን አይዞዎት አላለችም፣ ምንም አይደል አላለችም። ሕፃኑ ጡቱን ለቅቆ ዓይኑን መክደን ጀመረ። አሁንም ቀና ሳትል፣ «በሩን ይዝጉት፤ ልጁ ሊተኛ ነው» አለች።

እማማ ሻማ እጀታውን ያዙ። ከውስጥ ሆነው ይዝጉት ወይስ ከውጭ፣ አላወቁም፤ ለመጠየቅም አፈሩ።